«ቶዮታ ነው፣ ምንም አይሆንም»፦ ስለ ቶዮታ የተሳሳቱ አመለካከቶችና እውነታው

የሙቀት ጌጁ ከመሃል ሲያልፍ፣ የዘይት መቀየሪያው ጊዜ ሲዘገይ፣ ራዲያተሩ በየሳምንቱ ውሃ ሲጠይቅ ከባለቤቱም ከመካኒኩም የሚሰማው መልስ አንድ ነው፦ «ቶዮታ ነው፣ ምንም አይሆንም»። ይሆናል እንጂ! ቴስታታው (የሞተሩ ራስ) ወርዶ ጋራዥ የሚቆመው ቶዮታ አብዛኛውን ጊዜ የፋብሪካ ጉድለት የለበትም፤ የጨረሰው ይህ አባባል ነው። በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ ከተከለከለ ከ2016 ዓ.ም. ወዲህ ደግሞ በእጅ ያለችውን መኪና ማቆየት ግድ ሆኗል።

«ቶዮታ ከጥንትም የማይበገር ነበር»

አልነበረም። ኩባንያው የተነሳው ከሽመና ማሽን ነው። ሳኪቺ ቶዮዳ እ.ኤ.አ. በ1924 ያወጡት አውቶማቲክ የሽመና ማሽን አንድ ክር ሲበጠስበት ራሱን የሚያቆም ነበር። ልጃቸው ኪይቺሮ በ1933 በዚያው ፋብሪካ ውስጥ የመኪና ክፍል አቋቋሙ፤ በ1935 ጂ1 የተባለችው የጭነት መኪና ወጣች፤ ራሱን የቻለው የመኪና ኩባንያ በ1937 ተመሠረተ። ያቺ ጂ1 በየመንገዱ እየተሰበረች ስላስቸገረች ሠራተኞች ያለችበት ድረስ እየሄዱ ይጠግኗት ነበር። በ1957 አሜሪካ የገባችው ክራውን የተባለችው አውቶሞቢልም የዚያን አገር አውራ ጎዳና ፍጥነት አልቻለችም፤ ጉልበት አነሳት፣ ሙቀት አበዛች፣ በመጨረሻም ከዚያ ገበያ ወጣች።

ጥንካሬው የመጣው ኋላ ነው፣ የመጣበትም መንገድ ይታወቃል። ያ ክር ሲበጠስ የሚቆመው ማሽን ሐሳቡ ወደ መኪናው ፋብሪካ ተሻገረ፤ ሠራተኛው ጉድለት ካየ ገመድ ስቦ መስመሩን ማስቆም ይችላል። ማለትም የቶዮታ ስም የተገነባው ትንሿን ምልክት አይቶ በመቆም ነው። «ምንም አይሆንም» ብሎ መንዳት የዚህ ተቃራኒ ነው።

«ላንድክሩዘር የጂፕ ቅጂ ነው»

መልኩ ይመስላል። ግን እ.ኤ.አ. በ1951 የተሠራችው የመጀመሪያዋ፣ ቢጄ የተባለችው፣ የተቀመጠችው በቶዮታ የጭነት መኪና ሻንሲ ላይ ነው፤ ሞተሯም ባለ 6 ሲሊንደር 3.4 ሊትር የራሱ የቶዮታ ሞተር ነበር። በዚያው ዓመት ፉጂ ተራራ ላይ እስከ ስድስተኛው ጣቢያ ወጥታለች። ላንድክሩዘር የሚለው ስም የተሰጣት በ1954 ነው።

«ለእኛ አገር ውሃ ይበቃል፣ ቴርሞስታቱንም አውጣው»

ከሁሉም የሚያናድደው ይህ ነው፤ ምክንያቱም የሚመክሩት ሰዎች ሙያተኛ ነን የሚሉ ናቸው።

ከውሃው እንጀምር። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ 2,300 ሜትር ገደማ ላይ ናት። በዚህ ከፍታ ውሃ የሚፈላው በ100 ሳይሆን በ92 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አካባቢ ነው። የብዙ ኮሮላዎች የራዲያተር ፋን ደግሞ የሚነሳው በ93 ዲግሪ ገደማ ነው። ሁለቱን ቁጥሮች ጎን ለጎን አድርጎ ማየት ነው፦ የራዲያተሩ ክዳን ግፊት ካልያዘ፣ ፋኑ ሳይነሳ ውሃው ፈልቷል። ከዚያ «ፋኑ አልሠራም» ይባልና ስዊቹ ተነቅሎ ፋኑ ቁልፍ ሲከፈት ጀምሮ እንዲዞር በቀጥታ ይገናኛል። ስዊቹ ጥፋት አልነበረበትም፤ ያጠፋው ክዳኑ ነው።

ክዳኑ ላይ 0.9 ወይም 1.1 የሚል ቁጥር ተጽፏል፤ የሚይዘው ግፊት ነው። ደህና የሆነ የ1.1 ክዳን አዲስ አበባ ላይ ንጹሕ ውሃን እንኳ እስከ 118 ዲግሪ ገደማ ሳይፈላ ያቆየዋል። ለመፈተሽ ሞተሩ ፈጽሞ ይቀዝቅዝ። ከዚያ ክዳኑን አውጥቶ የታችኛው ጎሚኒ ደርቆ ወይም ተሰንጥቆ እንደሆነ ማየት፣ ሞላውን በአውራ ጣት ተጭኖ መመለሱን ማረጋገጥ፣ መሃል ያለችውን ትንሽ ቫልቭ በጥፍር ስቦ ሲለቋት ወዲያው መዘጋቷን ማየት ነው። ጠዋት ሞተሩ ቀዝቅዞ ሳለ የላይኛው የራዲያተር ጎማ ተጨምቆ ከተገኘ ያቺ ትንሽ ቫልቭ ተጣብቃለች ማለት ነው። ክዳን በሚቀየርበት ጊዜ ቁጥሩ ከፊተኛው ጋር አንድ ይሁን፤ ከፍ ያለ ቁጥር መግጠም ያረጀ ራዲያተር ያፈነዳል።

የቧንቧ ውሃ ሌላም ጥፋት አለው። የሚተወው ነጭ ቅርፊት የራዲያተሩን ቀጫጭን መተላለፊያ ይዘጋል፤ ውሃው ራሱም የአሉሚኒየሙን ቴስታታ በጓርኒሲዮኑ (በማሸጊያው) ዙሪያ ይበላል፣ የውሃ ፓምፑን ማኅተም ይቆርጣል። ኩላንት ለብርድ አገር ብቻ የተሠራ የሚመስላቸው ብዙ ናቸው። ዝገት መከላከሉና የመፍያውን ነጥብ ከፍ ማድረጉ ለእኛ ከበቂ በላይ ምክንያት ነው። የቶዮታው ሮዝ ኩላንት ተበርዞ የተዘጋጀ ስለሆነ ውሃ አይጨመርበትም፤ መጀመሪያ በ160,000፣ ከዚያ በየ80,000 ኪሎ ሜትር ይቀየራል። ቀዩ በየ40,000 ኪሎ ሜትር ወይም በየ2 ዓመቱ ነው። አረንጓዴ ከሮዝ ጋር አይቀላቀልም።

አሁን ወደ ቴርሞስታቱ፣ የውሃውን መንገድ እንደ ሙቀቱ ወደሚከፍተውና ወደሚዘጋው ቫልቭ። «ለሞቃት አገር አያስፈልግም፣ ይልቅ ውሃው እንደልቡ ይዙር» ይባላል። በብዙዎቹ የቶዮታ ሞተሮች ቴርሞስታቱ ሁለት በር አለው። አንዱ ወደ ራዲያተር የሚወስደውን ይከፍታል፤ ሌላኛው በዚያው ቅጽበት ራዲያተሩን ሳይነካ ወደ ሞተር የሚመለሰውን አቋራጭ ይዘጋል። ቴርሞስታቱ ከወጣ አቋራጩን የሚዘጋው የለም፤ ስለዚህ ከትኩሱ ውሃ ከፊሉ ሳይቀዘቅዝ ተመልሶ ሞተር ይገባል። ሜዳ ላይ ምንም አይታወቅም። ሙሉ ጭኖ የዓባይ በረሃን አቀበት ሲይዝ ግን ጌጁ ይወጣል፤ ያኔም ጥፋተኛ የሚባለው ራዲያተሩ ነው።

ከተማ ውስጥ ደግሞ ተቃራኒው ይከሰታል። ሞተሩ ወደ ሥራ ሙቀቱ ሳይደርስ ይውላል። ኮምፒውተሩ «ገና አልሞቀም» ብሎ ቤንዚን ይጨምራል፣ የተረፈው ቤንዚን ሲሊንደሩን አጥቦ ከዘይቱ ይቀላቀላል፣ ፋሻው (የፒስተኑ ቀለበት) እና ሲሊንደሩ ይበላሉ። መመርመሪያው ላይ ፒ0128 የሚል ኮድ ከወጣ መጀመሪያ የሚታየው ቴርሞስታቱ መኖሩ ነው።

ቴርሞስታት በቤት ይፈተሻል። በድስት ውሃ ውስጥ በክር ተንጠልጥሎ ቴርሞሜትር ይገባና ይሞቃል። የቪትዝና የኮሮላው 1ኤንዜድ ሞተር ቴርሞስታት ከ80 እስከ 84 ዲግሪ ባለው መከፈት መጀመር አለበት። የጥገና መጽሐፉ በ95 ዲግሪ ቢያንስ 8.5 ሚሊ ሜትር መከፈቱን ለኩ ይላል፤ አዲስ አበባ ላይ ክፍት ድስት 95 ስለማይደርስ ያን መለካት አይቻልም። መከፈት መጀመሩንና ሲቀዘቅዝ ሙሉ በሙሉ መዘጋቱን ማየት በቂ ነው። ሲገጠም ጠርዙ ላይ ያለችው የምትንቀሳቀስ ፒን ወደ ላይ ትሁን፤ የታፈነ አየር የሚወጣው በእሷ ነው።

ከዚያ አየር ማስወጣት። ኮፈኑ ተከፍቶ የመኪናው አፍንጫ ወደ ዳገት ይዞር፣ ማሞቂያው መጨረሻ ሙቀት ላይ ይደረግ፣ የራዲያተሩ ክዳን ሳይዘጋ ሞተሩ ይነሳና የራዲያተሩ ጎማዎች በእጅ እየተጨመቁ ኩላንቱ ቀስ እያለ ይሞላ። ፋኑ ሁለት ጊዜ ተነስቶ እስኪጠፋ መጠበቅ ያስፈልጋል። በማግስቱ ጠዋት ደረጃው እንደገና ይታያል።

«ቢሞቅም ቴስታታ ማሠራት፣ ቢደክምም ቦሪንግ ማስወጣት ነው»

ይህ ከአሮጌዋ ኮሮላ ዲኤክስ ዘመን የቀረ እምነት ነው። የዲኤክሱ ብሎክ ብረት ነው፤ ይቦረቦራል፣ ፒስተን በሚቀጥለው መጠን ይገባለታል። የ1ኤንዜድና የ1ዜድዜድ ሞተሮች ብሎክ ግን አሉሚኒየም ነው፤ የሲሊንደሩ ብረት ስስ ስለሆነ ፋብሪካው ትርፍ መጠን ፒስተን አላዘጋጀለትም። አንድ ጊዜ ክፉኛ ከሞቀ ዋጋው ሌላ ነው። የ1ኤንዜድ ቴስታታ መጣመም የሚፈቀድለት እስከ 0.05 ሚሊ ሜትር ብቻ ነው፤ ይህ በዓይን አይታይም፣ ቀጥ ያለ ብረትና ፊለር ጌጅ ይጠይቃል። ብሎኖቹም በጉልበት አይጠብቁም፦ በተራ ከመሃል ወደ ውጭ በ29 ኒውተን ሜትር፣ ከዚያ 90 ዲግሪ፣ ከዚያ ሌላ 90 ዲግሪ። ቶርክ ቁልፍ የሌለው ጋራዥ ይህን ሞተር መክፈት የለበትም።

«የቶዮታ ቺንጋ አይበጠስም»

ቺንጋ ቫልቮቹን ከፒስተኖቹ ጋር በጊዜ የሚያስኬደው የጎማ ቀበቶ ነው። በእሱ ፈንታ ካቴና (ሰንሰለት) ያላቸው አሉ፤ 1ኤንዜድና የመጀመሪያዋ ቪትዝ 1ኤስዜድ ካቴና ናቸው፤ ቀጠሮ የላቸውም፣ ዘይታቸው በጊዜው ከተቀየረ ይቆያሉ። የናፍጣዎቹ 2ኤል፣ 3ኤል፣ 5ኤል፣ 1ኤችዜድ፣ 1ኬዜድና 2ኬዲ ግን ቺንጋ ናቸው፤ በናፍጣ ሞተር ቺንጋ ከተበጠሰ ፒስተንና ቫልቭ ይገናኛሉ። የድሮዎቹ በ100,000 ኪሎ ሜትር የቺንጋ መብራት ያበራሉ። ቺንጋውን ሳይቀይሩ መብራቱን ብቻ ማጥፋት የተለመደ ስለሆነ ያገለገለ ሃይሉክስ ወይም ሃያስ የሚገዛ ሰው ሻጩ ምንም ይበል ቺንጋውንና መወጠሪያውን በመጀመሪያው ሳምንት ይቀይር።

የ2ኬዲ ባለቤቶች አንድ ተጨማሪ ነገር ይወቁ። የኢንጀክተር ማረፊያ ቀለበቶች ሲያሳልፉ ጥቀርሻ ዘይት ውስጥ ገብቶ የዘይት ፓምፑን መምጠጫ ወንፊት ይዘጋል። ምልክቱ ጠዋት ሲነሳ የዘይት መብራት ቶሎ አለመጥፋቱ ነው። ያኔ ካርተሩ (የዘይት ገንዳው) ወርዶ ወንፊቱ ይታይ፤ ቀለበቶቹም ይቀየሩ።

«ወፍራም ዘይት ይሻላል»

ቪቪቲ ያለው ሞተር ዘይቱን ለቅባት ብቻ አይደለም የሚጠቀምበት፤ ቫልቮቹን የሚከፍተውን ካም ሻፍት ወደፊትና ወደኋላ እያዛወረ ጊዜያቸውን የሚያስተካክለው በዘይት ግፊት ነው፣ መንገዱም ጠባብ ነው። ለ1ኤንዜድ 5ደብሊው-30 ከፊልትሮ ጋር 3.7 ሊትር። የ4 ሊትሩን ጋሎን እስከ ታች መገልበጥ ከልክ ማሳለፍ ነው። ጭስ ለመደበቅ ወፍራሙ 20ደብሊው-50 የተሞላበት መኪና ጭሱ አልተፈወሰም፤ በተለይ ከ2002 እ.ኤ.አ. በፊት የተሠራ 1ዜድዜድ ዘይት የሚበላው ፒስተኑ ላይ ያሉት የዘይት መመለሻ ቀዳዳዎች ጠባብ ስለሆኑ ነው፣ ውፍረት አያድነውም።

«ፕሪየስን የሚገድላት ባትሪዋ ነው»

አሜሪካ ታክሲ የሚነዱ ወገኖች ይህን ፈርተው ዋናውን ይዘነጋሉ። ከ2010 እስከ 2015 እ.ኤ.አ. ባለው ሞዴል ብዙ ጊዜ ቀድሞ የሚሄደው የቴስታታ ጓርኒሲዮን ነው፤ የጭስ መመለሻው ማቀዝቀዣ በጥቀርሻ ይታፈናል፣ የሲሊንደሩ ሙቀት ይጨምራል። ማቀዝቀዣው ወጥቶ ይጽዳ፤ ከኋላ ወንበር አጠገብ ያለው የባትሪ ፋን አየር መሳቢያም አቧራው ይነሳለት። ጠዋት ስትነሳ የምትንቀጠቀጥ ከሆነ ኩላንቷን በየቀኑ ማየት ነው።

«ሌክሰስ ሌላ ኩባንያ ነው»

የቶዮታ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1989 የጀመረ።

«ጃፓን ካልተሠራ ኦሪጅናል አይደለም»

እ.ኤ.አ. በ2017 ወደ ጃፓን ገበያ የተመለሰው ሃይሉክስ ራሱ ከታይላንድ የሚገባ ነው። የሻንሲ ቁጥሩ መጀመሪያ አገሩን ይናገራል፦ ጄ ጃፓን፣ ኤምአር0 ታይላንድ፣ ኤኤችቲ ደቡብ አፍሪካ፣ ቪኤንኬ ፈረንሳይ፣ ኤንኤምቲ ቱርክ። ሃይሉክስ ከታይላንድ፣ ያሪስ ከፈረንሳይ መምጣቱ ጉድለት አይደለም።

ይልቅ መጠንቀቅ ያለበት ለጃፓን መንገድ ተሠርቶ መሪው ከቀኝ ወደ ግራ የተዛወረው ነው። ቁጥሩ 17 ፊደልና አኃዝ ሳይሆን እንደ ኤስሲፒ10 ያለ ኮድና ከኋላው ተከታታይ ቁጥር ብቻ ነው። ኮፈኑን ከፍቶ ከሞተር ጀርባ ባለው ቆርቆሮ በቀኝ በኩል የተደፈነ ወይም የተበየደ ቀዳዳ ካለ መፈለግ፣ የዝናብ መጥረጊያዎቹም በሹፌሩ በኩል ሰፊ ጥግ ሳይጠርጉ የሚተዉ መሆኑን ማየት ነው። ቁልፍ ሲከፈት የኤርባግ መብራት በርቶ ከ6 ሰከንድ ገደማ በኋላ መጥፋት አለበት። ጭራሽ ካልበራ አምፖሉ ተነቅሏል ወይም ኤርባጉ የለም፤ ዋጋ ከመነጋገር በፊት ይህ ይጣራ።