ማኅሌት፦ ቆሞ የሚታደር ምስጋና

ማኅሌት በኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን በበዓላት ሌሊት የሚቀርብ የዝማሬ ምስጋና ነው። ቃሉ ከግእዝ የመጣ ነው። አማርኛው ግን «ማኅሌት ዘመረ» ከማለት «ማኅሌት ቆመ» ማለትን ይመርጣል። ትክክለኛ አነጋገር ነው። ምስጋናው በአፍ ብቻ አያልቅም፤ እግር ይቆምለታል፣ እጅ ያጨበጭብለታል፣ ወገብ ይወዛወዝለታል።

ሊቃውንቱ ማስረጃ ሲጠየቁ ሁለት ቦታ ይጠቅሳሉ። አንዱ መዝሙር 150 ነው፤ እግዚአብሔርን በከበሮና በጸናጽል አመስግኑት ይላል። ሌላው 2ኛ ሳሙኤል ምዕራፍ 6 ነው፤ ንጉሥ ዳዊት በታቦቱ ፊት በሙሉ ኃይሉ ሲያሸበሽብ የሚታይበት። ንጉሥ እንዲያ ከሆነ እኛማ ምን ቀርቶን እንቀመጣለን ይላሉ።

ቦታው ቅኔ ማኅሌት ይባላል። ክብ በሆነው ቤተ ክርስቲያን የውጭኛው ዙር ነው፤ ወደ ውስጥ ቅድስቱና መቅደሱ ይከተላሉ። መዘምራኑ በቀኝና በግራ ፊት ለፊት ይሰለፋሉ። ቀኝ ጌታና ግራ ጌታ ወገናቸውን ይመራሉ። መሪጌታው የሁሉም አለቃ ነው።

የዜማው አባት ቅዱስ ያሬድ ነው። በ6ኛው መቶ ክፍለ ዘመን በአክሱም ኖረ። ልጅ ሳለ ትምህርት አልገባው ብሎ ተቸግሮ ነበር። አጎቱና መምህሩ አባ ጌዴዎን ቢገርፉት ጊዜ ሸሸ። ማይ ኪራሕ በተባለ ቦታ ከዛፍ ሥር ተቀምጦ ሳለ አንዲት ትል ግንዱን ስትወጣ አየ። ትወጣለች፣ ትወድቃለች። ስድስት ጊዜ ወድቃ በሰባተኛው ወጣች። ያሬድም ወደ መምህሩ ተመለሰ። የኔታ የሚባል ሰው ሁሉ ለተማሪው ይህን ታሪክ ይነግራል፤ ሲነገርም አይሰለችም። ኋላም በንጉሥ ገብረ መስቀል ፊት ሲዘምር፣ ንጉሡ በዜማው ተመስጦ የጦሩን ጫፍ በያሬድ እግር ላይ ተከለ። ሁለቱም አላወቁም ይላል ገድሉ። ከደስታ የተነሣ ሕመም መርሳት ማለት ይኸው ነው።

ያሬድ ግእዝ፣ ዕዝልና አራራይ የተባሉ 3 የዜማ ስልቶችን ትቶልናል። ድጓ፣ ጾመ ድጓ፣ ምዕራፍ፣ ዝማሬና መዋሥእት የተባሉት የዜማ መጻሕፍትም የሱ ናቸው። በድጓው ውስጥ በኋላ ዘመን የተጨመረ አለ የሚሉ አጥኚዎች አሉ፤ ሊኖርም ይችላል። የዜማው ሥር ያሬድ መሆኑን የሚጠራጠር የዜማ ቤት ሰው ግን የለም።

ከዚያ በኋላ ብዙ መቶ ዓመታት አለፉ። በ16ኛው መቶ ክፍለ ዘመን፣ በዐፄ ገላውዴዎስ ጊዜ፣ አዛዥ ጌራና አዛዥ ራጉኤል የዜማ ምልክት ሠሩ። ድፋት፣ ሒደት፣ ቅናት፣ ይዘት፣ ቁርጥ፣ ጭረት፣ ርክርክ፣ ደረት ይባላሉ። ከፊደሉ በላይና በታች በቀጭን ብዕር ይጻፋሉ።

ስለ 19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን የሚወራው ይበዛል። ድጓ የሚፈልግ ወደ ጋይንት ቤተልሔም፣ ዝማሬ መዋሥእት የሚፈልግ ወደ ዙር አምባ ይሄዳል። አቋቋም፣ ማለትም የማኅሌት አቋምና ውዝዋዜ ትምህርት፣ ግን ጎንደር ነው። ላይ ቤትና ታች ቤት የሚባሉ ሁለት ስልቶች አሉት። ሸዋም ተጉለት አለን ይላል፤ ጥሩ ነው፤ የአቋቋም መዲና ግን የጎንደሯ በኣታ ቤተ ክርስቲያን መሆኗን ተጉለቶችም አይክዱም። ያኔ ነው የፎገራው ሰው አለቃ ገብረ ሐና የተነሡት። ሕዝቡ በቀልዳቸው ያውቃቸዋል፤ የዜማ ሰው ግን በዝማሜያቸው፣ መቋሚያ ይዞ በመወዛወዝ ስልታቸው። የሸምበቆውን መወዛወዝና የጣናን ማዕበል አይተው አዲስ አቋቋም አወጡ ይባላል። ጎንደር አልተቀበላቸውም። ለልጃቸው ለተክሌ አስተማሩት፣ እሱም በደብረ ታቦር ተከለው። እስከ ዛሬ «የተክሌ አቋቋም» ይባላል። ጎንደር ለምን እንዳልተቀበለው ሁሉም የየራሱን ያወራል፤ እዚህ መፍረድ አያስፈልግም።

መሣሪያዎቹ 3 ናቸው፦ ከበሮ፣ በእጅ የሚንሿሿው ጸናጽልና የሚደገፉት በትር መቋሚያ። የከበሮው ሰፊ አፍ የጌታ መለኮት፣ ጠባቡ የትስብእቱ፣ ማለትም ሰው የመሆኑ፣ ምሳሌ ነው። ጠፍሩ ጌታ የተገረፈበት ጅራፍ ነው ይላሉ። የጸናጽሉ ሁለት ቋሚዎች ብሉይና ሐዲስ ናቸው። ስለዚህ በደስታው መሐል ሕማሙ አይረሳም።

ሥርዓቱ ከዝግታ ወደ ፍጥነት ይሄዳል። መጀመሪያ ቁም ዜማ ነው፤ መሣሪያ የለም። ቀጥሎ ዝማሜ፤ መቋሚያው ወደ ቀኝ፣ ወደ ግራ ይዘነብላል። ቀጥሎ መረግድ፤ ከበሮው ይገባል። ከዚያ እየፈጠኑ የሚሄዱት ጽፋትና ወረብ ናቸው። የመጨረሻው ቸብቸቦ ነው።

ቸብቸቦን በቅርብ ያየ አይረሳውም። ሊነጋ ሲል ነው። ከበሮ መቺው ጠፍሩን አንገቱ ላይ አጥልቆ ወደ መሬት ጎንበስ ይላል፣ ቀና ይላል፣ ይዞራል። ከላቡ የተነሣ ነጭ ጥምጥሙ ግንባሩ ላይ ተጣብቋል። አንድ ሽማግሌ መሪጌታ ሌሊቱን ሙሉ መቋሚያውን ተደግፈው ቆይተው ነበር፤ አሁን ብብታቸው ውስጥ ከተቱትና እንደ ልጅ ያጨበጭባሉ። ግድግዳ ተደግፎ እንቅልፍ የወሰደው ሕፃን ይነቃል። ከሴቶቹ በኩል እልልታው ሲነሣ የመሪውን ድምፅ ይውጠዋል። ማንም አይቆጣም።

እልልታው በድጓ ምልክት አልተጻፈም። ሆኖም የምስጋናው አካል ነው። በተለይ ስለቷ የደረሰላት ሴት ስታወጣው ይለያል። በቁልቢ ገብርኤል ታኅሣሥ 19 እና ሐምሌ 19 የሄደ ያውቀዋል፤ ልጅ ለምና ያገኘች እናት ልጇን አዝላ ትመጣለች። ግእዙን አትሰማው ይሆናል። ምን እየተባለ እንደሆነ ግን ከማንም በላይ ገብቷታል።

በላሊበላ የልደት ዕለት ካህናቱ በቤተ ማርያም ዙሪያ ካለው ቋጥኝ ላይና ከሥሩ ተሰልፈው «ቤዛ ኵሉ» የተባለውን ዝማሬ ይቀባበሉታል። በወርኃ ጽጌ፣ ከመስከረም 26 እስከ ኅዳር 5 ደግሞ፣ በየእሑዱ ሌሊት ማኅሌተ ጽጌ ይቆማል። በዐቢይ ጾም ከበሮና ጸናጽል ያርፋሉ፤ መቋሚያው ብቻውን ይቀራል። ለዚህ ነው በትንሣኤ ሌሊት የመጀመሪያው የከበሮ ምት ሰውን የሚያስለቅሰው።

ዛሬ ወረቡን የሰንበት ትምህርት ቤት ወጣቶች፣ ሴቶችም ጭምር፣ ያጠናሉ። በአሜሪካና በአውሮፓም አድባራት ማኅሌት ይቆማል። ቅዳሜ ማታ ከሥራ ወጥቶ፣ ነጠላውን ከመኪናው አውጥቶ ለብሶ፣ እስከ ንጋት የሚቆም አለ። ሲነጋ ከበሮው ወደ ጥግ ይመለሳል፣ መቋሚያዎቹ ግድግዳው ላይ ይደገፋሉ፣ ቅዳሴ ይገባል።