ብስኩት ጆይነር ምንድን ነው?

ጎንደር ውስጥ ከጃንተከል ዋርካ አለፍ ብሎ ባለው የእንጨት ሥራ ቤታችን ጀማሪዎች ይህን መሣሪያ ሲያነሡ ብዙዎቹ ኃይላቸውን ሞተሩን በያዘው ቀኝ እጃቸው ላይ ያደርጉታል። ሥራው ግን የግራ እጅ ነው።

ብስኩት ጆይነር የጣውላ ጠርዝ ላይ ጠባብ ቦይ የሚፈለፍል፣ በእጅ የሚያዝ የኤሌክትሪክ መሣሪያ ነው። ክብ መጋዙ ከሽፋኑ ውስጥ የሚወጣው መሣሪያው ሲገፋ ብቻ ሲሆን የሚቆርጠው ቦይ 4 ሚሊ ሜትር ያህል ስፋት አለው። በሁለቱም ጣውላዎች ላይ ትይዩ ቦይ ከወጣ በኋላ ከተጠቀጠቀ እንጨት የተሠራ ሞላላ ቁራጭ፣ ማለትም ብስኩቱ፣ ከኮላ ጋር በመካከላቸው ይገባል። የኮላው እርጥበት ብስኩቱን ያሳብጠውና ቦዩን ሞልቶ ይይዛል። ሐሳቡ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1950ዎቹ አጋማሽ ስዊዘርላንድ ውስጥ ከኸርማን ሽታይነር የመጣ ነው።

ወደ ግራ እጅ ልመለስ። የመሣሪያው መደገፊያ ሰሌዳ በጣውላው ገጽ ላይ ይተኛል፤ ግራ እጅ ወደ ታች አጥብቆ ይጫነዋል፤ ቀኝ እጅ በዝግታ ወደ ፊት ይገፋል። ሰሌዳው በትንሹ ካዘነበለ ቦዩም ያዘነብላል፣ መጋጠሚያውም ደረጃ ይሠራል። ዋንዛ ላይ የተፈጠረን ደረጃ በመላጊያ ማስተካከል ግማሽ ቀን ይበላል። ሁለቱንም ጣውላ ከሚታየው ገጽ በኩል መለካት ግዴታ ነው። ከገበያ የምንገዛው ጣውላ ውፍረቱ እኩል ባይሆን እንኳ ልዩነቱ ከሥር ይቀራል።

ጣውላው በሞርሳ ይታሰር። ሞተሩ ሙሉ ፍጥነት ሳይዝ አይገፋ፤ መጋዙ ከእንጨቱ ሳይወጣም አይጥፋ።

ብስኩት ጣውላዎቹን እኩል አድርጎ ለመግጠም ድንቅ ነው። ለወንበር እግር ግን አልመክረውም፤ እዚያ የእኛው በመሮ የተፈለፈለ ወንዴና ሴቴ መገጣጠሚያ ይሻላል።

በጎንደር ክረምት ብስኩቱን በተከደነ ቆርቆሮ አስቀምጡት፤ አለዚያ የአየሩን እርጥበት ስቦ ያብጥና ቦዩ ውስጥ አልገባም ይላል። ኮላው ሲደርቅም ቶሎ ብርጭቆ ወረቀት አታንሡ። በብስኩቱ ዙሪያ ያበጠው እንጨት ገና አልተመለሰም፤ አሁን እኩል ብታደርጉት በኋላ ሲሟሽሽ ይሰረጉዳል። በመጀመሪያው የዋንዛ ጠረጴዛዬ ላይ አልታገሥኩም ነበር። ቫርኒሹ ደርቆ የመስኮት ብርሃን ሲያርፍበት በመጋጠሚያው ላይ ስድስት ሞላላ ስርጉዶች ተደርድረው ታዩኝ።