«ሶሪ» ሁልጊዜ ይቅርታ ነው? የተሳሳቱ አመለካከቶችና እውነታው

«ሶሪ ያለ ሰው ጥፋቱን አምኗል»
ቃሉ የተነሣው ከጥፋት ሳይሆን ከሕመም ነው። በጥንታዊው እንግሊዝኛ «ሳሪግ» ይባል ነበር፤ ያዘነ፣ የተጨነቀ ማለት ነው። አባቱ ለሞተበት ሰው «አይ አም ሶሪ» ሲባል ሐዘኑን መካፈል ነው። እኛም ሰው ሲደናቀፍ «እኔን!» እንላለን፤ ድንጋዩን ያስቀመጥነው ግን እኛ አይደለንም። ሐዘንተኛው የሚመልሰው «ታንክ ዩ» ነው፤ «ኖ ፕሮብሌም» ካሉ ሰሚው ግራ ይጋባል።

በሕግም ቢሆን ነገሩ እንደየአገሩ ነው። የእንግሊዝና የዌልስ የካሳ ሕግ (እ.ኤ.አ. 2006) ይቅርታ መጠየቅ ብቻውን ቸልተኝነትን እንደማመን አይቆጠርም ይላል። የካናዳዋ ኦንታሪዮም በ2009 የይቅርታ ሕግ አውጥታለች።

«ሶሮው (ሐዘን) ከሚለው ቃል የመጣ ነው»
መልካቸው ቢመሳሰልም ምንጫቸው ለየቅል ነው። የሶሪ ዘመድ «ሶር» ነው፤ የሚያም፣ የቆሰለ።

«ቀጥሎ ሁሌ ፎር ይመጣል»
ብዙ ስሕተት የሚሠራው እዚህ ላይ ነው። «ሶሪ ፎር ሌት» አይባልም፤ «ሌት» ቅጽል ስለሆነ ከ«ፎር» በኋላ ብቻውን አይቆምም። «ሶሪ አይ አም ሌት» ይበሉ፤ ቀላሉ እሱ ነው። «ፎር»ን የግድ ከፈለጉ ግሱ «ኢንግ» ይጨመርበታል፦ «ሶሪ ፎር ቢይንግ ሌት»። ለነገር ወይም ለሁኔታ «አባውት» ይስማማል፦ «ሶሪ አባውት ዘ ኖይዝ»። ሰው ሊያቋርጡ ሲሉ ደግሞ «ቱ»፦ «ሶሪ ቱ ዲስተርብ ዩ»።

ከሁሉ የከፋው ወጥመድ «ፎር» ከሰው ጋር ሲመጣ ነው። «አይ አም ሶሪ ፎር ማይ ማዘር» ማለት «እናቴ ታሳዝነኛለች» ነው። ይቅርታ ጠየቅኋት ለማለት «አይ ሴድ ሶሪ ቱ ማይ ማዘር» ይባላል።

«ከኤክስኪዩዝ ሚ ጋር አንድ ነው»
ለማለፍ መንገድ ሲጠይቁ «ኤክስኪዩዝ ሚ»፣ እግር ከረገጡ በኋላ «ሶሪ»። አሜሪካውያን ግን ከረገጡም በኋላ «ኤክስኪዩዝ ሚ» ሊሉ ይችላሉ።

«ሶሪ? ሲሉኝ ይቅርታ እየጠየቁኝ ነው»
ድምፁ መጨረሻው ላይ ከፍ ካለ «ምን አልክ?» ማለት ነው። ዓረፍተ ነገሩን ይድገሙት።

«ሶሪ ከስም በፊት ቢመጣም ያው ነው»
አይደለም። «ኤ ሶሪ ስቴት» የሚያሳዝን፣ የተጎሳቆለ ሁኔታ ነው፤ ይቅርታ የሚባል ነገር የለበትም።