ጨጓራ ቦታ ሲለቅ፦ ከምግብ በኋላ የሚነሳው ምስል

በእኛ አነጋገር «ጨጓራ» የአካል ክፍልም የበሽታም ስም ነው። «ጨጓራ አለብኝ» ያለን ሰው «ማን የሌለው አለ?» ብሎ የሚመልስለት የለም። ማቃጠሉም፣ መነፋቱም፣ ሁለት ጉርሻ በልቶ «ጠገብኩ» ማለቱም እዚያው ስም ውስጥ ይገባል። የመጨረሻው ግን ራሱን የቻለ ጉዳይ ሊሆን ይችላል። በኢንዶስኮፒ (በአፍ በሚገባ ካሜራ ያለው ቱቦ) ይታይና «ቁስል የለብህም» ይባላል። ሰውየው ግን አሁንም ሳህኑን መጨረስ አቅቶታል። ኢንዶስኮፒ የጨጓራን የውስጥ ግድግዳ ያሳያል እንጂ ምግብ ሲመጣ ጨጓራው ቦታ መልቀቅ አለመልቀቁን አይናገርም።

ጨጓራ እንደ ስልቻ ዝም ብሎ የሚሞላ ነገር አይደለም። ስንውጥ የላይኛው ክፍሉ ይላላል። ትእዛዙ የሚመጣው ከአንጎል ወደ ሆድ በሚወርደው በቬገስ ነርቭ ነው፤ ጡንቻውን የሚያላላው ዋናው ኬሚካል ደግሞ ናይትሪክ ኦክሳይድ ነው። ስለዚህ ብዙ ምግብ ገብቶም ግፊቱ ያን ያህል አይጨምርም። ይህን መላላት አሜሪካዊው የሃርቫርድ ተመራማሪ ዋልተር ካነን ከባልደረባው ጋር በ1911 (እንደ ፈረንጆች) ገልጾታል። ካነን ቀደም ሲል፣ ገና የሕክምና ተማሪ ሳለ፣ ቢስመዝ (በኤክስሬይ የሚታይ የብረት ውህድ) የተቀላቀለበት ምግብ ለድመቶች እያበላ የጨጓራቸውን እንቅስቃሴ በኤክስሬይ ይከታተል ነበር።

በሰው ላይ ለረጅም ጊዜ መለኪያው ባሮስታት ነበር። ቀጭን ቱቦ ጫፍ ላይ የታሰረ የፕላስቲክ ከረጢት በአፍ ገብቶ ጨጓራ ውስጥ ይነፋል፤ ጨጓራው ሲላላ ከረጢቱም ይሰፋል። በ1998 የቤልጂየም የሉቨን ሐኪሞች በዚህ መሣሪያ 40 የፈንክሽናል ዲስፔፕሲያ (በምርመራ ቁስል ሳይገኝ የሚቆይ የጨጓራ ሕመም) ታማሚዎችን መርምረው፣ 40 በመቶዎቹ ጨጓራቸው በደንብ እንደማይላላ አገኙ። ቶሎ መጥገብና ክብደት መቀነስ የታየው በነዚሁ ላይ ነበር። ውጤቱ ትልቅ ነው። ግን ቱቦ ጉሮሮው ላይ ተጋድሞበት ማን ዘና ብሎ ይበላል? ከረጢቱ ራሱም ጨጓራውን ይነካካዋል።

ሳይነኩ ለማየት በአሜሪካ የማዮ ክሊኒክ ተመራማሪዎች ስፔክት የተባለውን ምርመራ አመጡ። ብልሃቱ ደስ ይላል። ቴክኒሺየም 99ኤም የተባለ ጨረር አመንጪ ንጥረ ነገር የያዘ መድኃኒት በደም ሥር ይወጋል። የጨጓራ የውስጥ ሽፋን ይህን ንጥረ ነገር ከደም ውስጥ ይስበዋል። ያኔ የሚያበራው ምግቡ ሳይሆን ግድግዳው ነው። (አዮዲን ስለሚመስል እንቅርት ዕጢና የምራቅ ዕጢዎችም ይስቡታል።) ጨረሩን የሚያነበው ጋማ ካሜራ በተኛው ሰው ዙሪያ ይሽከረከራል፤ ኮምፒውተሩም የጨጓራውን ቅርጽ በሦስት ገጽታ ይሠራል። መጀመሪያ በባዶ ሆድ ይነሳል። ከዚያ ሰውየው 300 ሚሊ ሊትር የሚመጥን ፈሳሽ ምግብ ይጠጣና እንደገና ይነሳል። በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት ጨጓራው ስንት ቦታ እንደለቀቀ ይነግራል። የሚገርመው፣ ጤነኛ ጨጓራ ከጠጡት ፈሳሽ በላይ ይሰፋል። አብሮ የተዋጠ አየርና ጨጓራው ራሱ የሚያመነጨው ፈሳሽም ቦታ ይፈልጋሉ። የቴክኒሺየም ጨረር በየ6 ሰዓቱ በግማሽ ይቀንሳል፤ ቢሆንም ጨረር ጨረር ነውና ለነፍሰ ጡር አይመከርም።

በማግኔት ምስል የሚያነሳው ኤምአርአይ እንዲህ ያለ ጨረር የለውም፤ ምግቡንና አየሩንም ለይቶ ያሳያል። ዋጋው ግን አይቀመስም። በአልትራሳውንድ የታወቁት የኖርዌይ የበርገን ሐኪሞች ናቸው፤ ለታማሚው የሥጋ መረቅ አጠጥተው ጨጓራው ሲሰፋ ያዩታል። ርካሽ ነው፤ ግን አየር ያደናቅፈዋል፤ የጨጓራው ላይኛ ክፍልም ጎድን አጥንት ሥር ይደበቃል።

ስፔክትም ሆነ ኤምአርአይ አንድ የጋራ ጉድለት አላቸው፦ አብዛኛውን ጊዜ ምስሉ የሚነሳው በጀርባ ተኝቶ ነው። እኛ ደግሞ የምንበላው ተቀምጠን ነው። መጠን ያሳያሉ እንጂ የጡንቻውን ውጥረት በቀጥታ አይለኩም። የጤነኛ ሰዎች የጨጓራ ልኬትም ከሰው ሰው ብዙ ስለሚለያይ፣ አንድን ታማሚ ለብቻው «ያንተ ጨጓራ አይላላም» ለማለት ያስቸግራል። ለዚህም ነው ምርመራው እስካሁን በምርምር ማዕከላትና በጥቂት ትልልቅ ሆስፒታሎች ብቻ የሚገኘው። ሌላው ሐኪም ዛሬም «ስንት ጉርሻ በልተህ ነው የምትጠግበው?» ብሎ ይጀምራል።