ምንቸቱም ለእግዚአብሔር የተቀደሰ ነው

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ፤ አሜን።

ወንድሞችና እኅቶች፣ ዣን ሲሜዮን ሻርደን የተባለ ፈረንሳዊ ሠዓሊ በ1760 እ.ኤ.አ. ገደማ የሣላት አንዲት ሥዕል አለች። ሰው አይታይባትም። ውኃ የተቀዳበት ብርጭቆ፣ የሸክላ የቡና ማፍያ፣ ጥቂት ራስ ነጭ ሽንኩርት፤ ሌላ ይህ ነው የሚባል ነገር የለም። ሠዓሊው ግን በውኃው ውስጥ የሚያልፈውን ብርሃን እንኳ ሳይንቅ በትዕግሥት አስቀምጦታል።

በዚያ ዘመን የፓሪስ ንጉሣዊ የሥዕል አካዳሚ ሥዕልን በማዕረግ ይለይ ነበር። የመጽሐፍ ቅዱስና የታላላቅ ታሪኮች ሥዕል ከላይ፣ የቤት ዕቃና የፍራፍሬ ሥዕል ከሁሉ በታች። ሻርደን በ1728 አባል የሆነው በዚሁ በተናቀው ዘርፍ ነው።

ይህ ድልድል በእኛም ልብ አለ። ቅዳሴውና ማሕሌቱ የእግዚአብሔር ነው እንላለን፤ ከአራዳ ጊዮርጊስ አስቀድሰን ቤት ስንገባ የምናነሣው ድስት ግን ከእርሱ ጋር ጉዳይ ያለው አይመስለንም። ነቢዩ ዘካርያስ በምዕራፍ 14 መጨረሻ ላይ ይሞግተናል። በዚያ ቀን በኢየሩሳሌምና በይሁዳ ያለው ምንቸት ሁሉ ለእግዚአብሔር የተቀደሰ ይሆናል ይላል። ምንቸት! ጥላሸት የጠጣው፣ ወጥ የሚሠራበት። ይህን ቃል በጥድፊያ አንለፈው።

እንዲህ ስል ንዋየ ቅድሳትን ከቤት ዕቃ ጋር መቀላቀሌ አይደለም። በሜሮን የከበረውን ጽዋ ምእመን አይነካውም፤ ሥርዓቱ ሥርዓት ነው። በነቢዩ ቃል ምንቸቱ ከፍ አለ እንጂ መሠዊያው ዝቅ አላለም።

ታዲያ ተራውን ዕቃ የሚያከብረው ምንድን ነው? ጌታችን በማቴዎስ 10፥42 ከታናናሾቹ ለአንዱ በደቀ መዝሙር ስም አንድ ጽዋ ቀዝቃዛ ውኃ የሚያጠጣ ዋጋው እንደማይጠፋበት ተናግሯል። ያጠጣበት ዕቃ ወርቅ ይሁን ሸክላ አልጠየቀም፤ በማን ስም እንደተሰጠ ግን ለይቶ ተናገረ። በጽዋ ማኅበሮቻችን የምናየው ይኸው ነው። ጠላው የተጠመቀበት ጋን ከጎረቤት የተዋሱት፣ አፉም የተሸረፈ ሊሆን ይችላል። በቅዱስ ሚካኤል ስም ለነዳያን ሲቀዳ ግን ዝክር ነው።

ስለዚህ በዚህ ወር የማኅበሩ ተራ የደረሳችሁ፣ ብርጭቆው አልተመሳሰለም፣ ሳህኑ አርጅቷል ብላችሁ ተራችሁን አታስተላልፉ። ያላችሁን አጥባችሁ ደርድሩ፤ ነዳያኑንም አስቀድማችሁ ጥሩ።