የወረቀት መጽሐፍን ሎጎስ ላይ ስለማስገባት የሚወሩ የተሳሳቱ ነገሮች እና እውነታው

ሰሞኑን አንድ ወንድም ቤቴ መጥቶ ሼልፌን አየና "ይሄን ሁሉ እኮ ስልክህ ላይ ማስገባት ትችላለህ፣ ባርኮዱን ስካን ማድረግ ብቻ ነው" አለኝ። እውነቱን ነው፣ ግማሹን። ሎጎስ የሚባለው የመጽሐፍ ቅዱስ ጥናት ሶፍትዌር በፈረንጆቹ 2022 ሎጎስ 10 ሲወጣ የወረቀት መጻሕፍትን ካታሎግ የማድረግ ነገር ይዞ መጣ፣ ቤታችሁ ያለውን መጽሐፍ ትመዘግቡና ከዲጂታሎቹ ጋር አብራችሁ ሰርች ታደርጉታላችሁ። እኔም እጠቀምበታለሁ፣ ደስ ይላል። ግን ሰው ሲያወራው የሚሰራውንም የማይሰራውንም ቀላቅሎ ነው፣ በተለይ ሼልፉ ላይ የአማርኛ መጽሐፍ የሚበዛ ሰው በጉጉት ይጀምርና በሁለተኛው ቀን ተናዶ ይተወዋል። እስቲ የሰማኋቸውን ላንሳቸው።

"ስካን ካደረግኩት መጽሐፉ ሶፍትዌሩ ውስጥ ገባ"

አልገባም። ስልኩ የሚያነበው ከጀርባው ያለውን ቁጥር ነው፣ ውስጡን አላየውም። በቁጥሩ መጽሐፉ የትኛው እንደሆነ ያውቅና ኩባንያው ጋ የዚያ መጽሐፍ ዲጂታል ቅጂ ካለ ሰርች የሚያደርገው እዚያ ላይ ነው። እናንተ ጋ የሚመጣው የገጽ ቁጥርና ቃሉ ዙሪያ ያሉ ጥቂት ቃላት ነው፣ ከዛ ተነስታችሁ ሼልፉ ጋ ሄዳችሁ ራሳችሁ መግለጥ ነው። "የወረቀቱን ገዝቻለሁ እና ዲጂታሉን በነጻ ይሰጡኛል" የሚል ሰውም አጋጥሞኛል፣ ወንድሜ ማን ነግሮህ ነው። ኩባንያው ዲጂታል ያላደረገውን መጽሐፍ ደግሞ ውስጡን ሊፈልግላችሁ አይችልም፣ ከየት አምጥቶ። የእንግሊዝኛ ኮሜንታሪ (የመጽሐፍ ቅዱስ ማብራሪያ) ብዙ ያለው ሰው "ተአምር ነው" የሚለውና ሼልፉ በአማርኛ የተሞላው ሰው "ውሸት ነው" የሚለው ለዚህ ነው፣ ሁለቱም ያዩትን ነው የሚናገሩት።

ደግሞ እትም ተጠንቀቁ። አንድ መጽሐፍ በጠንካራ ሽፋንና በስስ ሽፋን ሲታተም ቁጥሩ ይለያያል፣ ተሻሽሎ ሲታተም ደግሞ ገጹም ይንሸራተታል። ገጽ 212 ብሎኝ 212 ላይ የሌለ ነገር ብዙ ጊዜ ፈልጌያለሁ፣ የያዝኩት የድሮውን እትም ሆኖ።

"ሁሉም መጽሐፍ ቁጥር አለው"

አይኤስቢኤን የሚባለው የመጽሐፍ መለያ ቁጥር ዓለም አቀፍ ስታንዳርድ የሆነው በፈረንጆቹ 1970 ነው፣ ከዛ በፊት የታተመ መጽሐፍ ላይ ባትፈልጉት ይሻላል። እስከ 2006 መጨረሻ 10 አሃዝ ነበር፣ ከ2007 ጀምሮ 13 ሆነ፣ በ978 ወይም በ979 ይጀምራል። የኢትዮጵያ መለያ 99944 ነው፣ ስለዚህ ከ978 ቀጥሎ 99944 ካያችሁ አገር ቤት የተመዘገበ ነው። የእኛ መጻሕፍት ብዙዎቹ ግን ቁጥር የላቸውም፣ ወይ ቁጥሩ ውስጥ ተጽፎ ባርኮድ የለውም። ሽፋኑ ላይ ባርኮድ አይታችሁ በ978 ወይም 979 ካልጀመረ ምናልባት የሱቅ ዋጋ መለጠፊያ ነው፣ አትልፉ።

የድሮውን 10 አሃዝ ወደ 13 ለመቀየር ፊቱ ላይ 978 መጨመር ብቻ የሚመስለው ሰው አለ። መጨረሻ ላይ ያለችው አሃዝ የቀሩትን ማረጋገጫ ስለሆነች 978 ሲጨመር እሷም እንደገና ትሰላለች። ስለዚህ ዝም ብላችሁ 10ሩን እንዳለ ጻፉት፣ ካልሆነም በርዕስ ፈልጉት።

"የአማርኛውን ለማስገባት ሙሉውን መጽሐፍ መተየብ አለብኝ"

ይሄ ነው ብዙ ሰው የሚያስፈራው። ሎጎስ ኮምፒውተር ላይ ከወርድ ፋይል የራስን መጽሐፍ መስራት ይቻላል፣ ፐርሰናል ቡክ ይሉታል። እኔ የማደርገው አንድ ወርድ ፋይል ከፍቼ ለእያንዳንዱ የአማርኛ መጽሐፍ ርዕሱን፣ ጸሐፊውን፣ የት ሼልፍ ላይ እንዳለ፣ ከዛ ማውጫውን ከነገጹ መጻፍ ነው። መጽሐፉ መጨረሻ ላይ የጥቅስ ማውጫ ካለው እሱንም እጨምራለሁ፣ ከሌለው ሳነብ ያሰመርኩባቸውን ጥቅሶች ብቻ። አንድ መጽሐፍ ከሻይ በኋላ ተቀምጬ እጨርሰዋለሁ። ማውጫውን በስልክ ፎቶ አንስታችሁ ጽሑፉን እንዲያወጣላችሁ ማድረግም ይቻላል፣ አማርኛ የሚያነቡ አሉ፣ ግን ሰ እና ስ፣ ለ እና ሉ ያምታታሉ እና አንዴ ማየት ያስፈልጋል።

"አማርኛ ሰርች ላይ አይሰራም"

ይሰራል፣ ችግሩ እኛ አጻጻፋችን ላይ ነው። ኃጢአት ብላችሁ ጻፉ፣ ከዛ ሀጢአት፣ ሐጢያት፣ ኃጥያት። ለእኛ አንድ ቃል ነው፣ ለኮምፒውተሩ ግን ሀ፣ ሐ እና ኀ ሦስት የተለያዩ ፊደላት ናቸው፣ ሰ እና ሠም፣ አ እና ዐም፣ ጸ እና ፀም እንደዛው፣ አንድ ናቸው ብሎ ያስተማረው ከሌለ በቀር። ጸሎት ብዬ ፈልጌ ሦስት ውጤት መጣ፣ ፀሎት ብዬ ስደግመው ሌላ አምስት፣ ሁሉንም የተየብኳቸው እኔው ነኝ እኮ።

አንዳንዱ "በቃ ሁሉንም በአንድ ፊደል እናድርገው" ይላል። ርዕስ ላይ አታድርጉት። በግዕዝ ሠረቀ ማለት ወጣ (ፀሐይ እንደምትወጣው)፣ ሰረቀ ደግሞ ያው ሰረቀ ነው፣ የቆሎ ተማሪ የነበረ ሰው ካታሎጋችሁን ቢያይ ይስቅባችኋል። እኔ ርዕሱን እንደታተመው እተውና ከስሩ "መፈለጊያ" የምትል አንድ መስመር እጨምራለሁ፣ እሷ ላይ ሁሉንም በቀላሉ ፊደል፣ ሀ ሰ አ ጸ፣ እጽፋለሁ፣ ስፈልግም በእነዚሁ ብቻ። እዚችው መስመር ላይ ቃሉን ራቁቱን አስቀምጡት፣ ምክንያቱም በጸጋው፣ የጸጋ፣ ስለጸጋ የሚሉትን ሙሉ ቃል ብቻ የሚፈልግ ሰርች ጸጋ ስትሉት ያልፋቸዋል።

በነገራችን ላይ የድሮ የአማርኛ ፋይል ያላችሁ ሰዎች ሰርች ይሰራበታል ብላችሁ አትመኑ። የእኛ ፊደል ዩኒኮድ (ኮምፒውተሮች ፊደላትን የሚለዩበት የጋራ ስታንዳርድ) ውስጥ የገባው በ1999 በፈረንጆቹ ነው፣ ከዛ በፊት (ከዛም በኋላ ለብዙ ዓመት) በድሮዎቹ ፎንቶች የተጻፈው ስክሪን ላይ አማርኛ ይመስላል እንጂ ኮምፒውተሩ የሚያየው የላቲን ፊደልና ምልክት ነው፣ ካልተቀየረ አንዲት ቃል አታገኙበትም።

"ስምና ዓመት ምን ያስቸግራል"

ያስቸግራል። ሶፍትዌሩ የተሰራው ለፈረንጅ ስም ነው፣ የመጨረሻውን ስም የቤተሰብ ስም አድርጎ ወደፊት ያመጣዋል። የኪዳነ ወልድ ክፍሌን የግዕዝ መዝገበ ቃላት ያለው ሰው "ክፍሌ፣ ኪዳነ ወልድ" ተብሎ ያገኘዋል፣ ይባስ ብሎ ሁለት ቃል የሆነውን ስም ሰንጥቆ "ወልድ ክፍሌ፣ ኪዳነ" ያለበትም አለ። ክፍሌ የአባታቸው ስም ነው፣ እኛ በክ ሳይሆን በኪ ነው የምንፈልጋቸው ብሎ የሚነግረው የለም። ስምና የቤተሰብ ስም ለየብቻ የሚጠይቅ ከሆነ ሙሉ ስሙን ስም በሚለው ሳጥን ውስጥ አንድ ላይ አስገቡት፣ የቤተሰብ ስም የሚለውን ባዶ ተዉት፣ ባዶ አልቀበልም ካለ እዚያው ሙሉውን ጻፉ።

ዓመቱም እንደዛው። ይሄው መዝገበ ቃላት 1948 ዓ.ም. የታተመ ነው፣ በፈረንጅ 1955 ወይም 1956 መሆኑ ነው። ሶፍትዌሩ 1948 ካላችሁት 1948 ብሎ ይወስደዋል፣ በዓመት ስትደረድሩ ከሰባት ስምንት ዓመት በፊት ከታተመው ጎን ይሄዳል። ሁለቱንም ጻፉ፣ የትኛው የማን እንደሆነ እየለያችሁ። ባዶ 1999 ተብሎ ተጽፎ የኛ ይሁን የፈረንጅ ለማወቅ ሽፋኑን የገለጥኩበት ቀን አለ፣ ያውም ራሴ የመዘገብኩት።

"ጥቅስ የትም ቦታ ያው ጥቅስ ነው"

መዝሙር 23 በሉት። በግዕዙ ዳዊት "እግዚአብሔር ይሬዕየኒ" 22ኛው ነው፣ ምክንያቱም የግሪኩን አቆጣጠር ስለሚከተል 9 እና 10 አንድ ሆነው ከዛ በኋላ ያለው አብዛኛው በአንድ ይቀንሳል። የኦርቶዶክስ ትርጓሜ መጽሐፍ ማውጫ ስትገለብጡ ቁጥሩን እንዳለ ከወሰዳችሁት ሶፍትዌሩ ሌላ መዝሙር ይከፍትላችኋል። መቃብያን ደግሞ የባሰ ነው፣ የእኛ መቃብያን እና የግሪኩ መቃብያን ስማቸው እንጂ ታሪካቸው አንድ አይደለም፣ ሶፍትዌሩ ላይ የግሪኩ ጋ ካገናኛችሁት ጭራሽ የማይገናኝ ነገር ነው የምታነቡት። ሌላው፣ "ዮሐ. 3፥16" ብላችሁ በአማርኛ ስለጻፋችሁ ሶፍትዌሩ ጥቅስ ነው ብሎ ያውቀዋል ብላችሁ አትጠብቁ። በእንግሊዝኛው አጻጻፍ (John 3:16) ከጎኑ አያይዙት፣ አሰልቺ ነው ግን ከዛ በኋላ ጥቅሱን ስትከፍቱ የአማርኛው መጽሐፋችሁም አብሮ ይመጣል።

"ሕገወጥ አይሆንም?"

የራስን መጽሐፍ መመዝገብ ምን ሕገወጥ አለው። ሙሉውን ፎቶ አንስቶ በፒዲኤፍ ቴሌግራም ግሩፕ ላይ መልቀቅ ሌላ ጉዳይ ነው፣ እሱን የሚያደርገው ሰው ራሱ ያውቀዋል።

"ከጀመርኩ ሁሉንም መጨረስ አለብኝ"

የለብህም። ላለፈው አንድ ዓመት ያልነካኸውን ተወው። እኔ የጀመርኩት በሃያ መጽሐፍ ነው፣ ስብከት ሳዘጋጅ ጠረጴዛዬ ላይ በሚቀሩት። ደግሞ ዝርዝሩን ኤክሴል ላይም አስቀምጡት፣ የሎጎስ የወርሃዊ ክፍያ ነገር ይቀያየራል፣ የትኛው ፓኬጅ ላይ ምን እንዳለም ከመክፈላችሁ በፊት እዩ።

"ካታሎጉ ላይ ካለ ሼልፉ ላይ አለ"

እዚህ ላይ ሶፍትዌሩ ምንም ጥፋት የለበትም። ቅዳሜ ማታ ፈልጌ መጽሐፉን ነገረኝ፣ ገጹን ነገረኝ፣ ተነስቼ ብሄድ ቦታው ባዶ ነው። "ለአንድ ሳምንት ብቻ" ብሎ የወሰደው ሰው ትዝ አለኝ። አሁን እያንዳንዱ ሪከርድ ስር "ማን ጋ ነው" የምትል መስመር አለች፣ ሁለት መጽሐፎቼ ላይ የዚያ መጀመሪያ ላይ ባርኮዱን ስካን አድርግ ያለኝ ወንድም ስም ተጽፎባታል።