ሳምፕ ፓምፕ ምንድን ነው?

ዋሽንግተን ዲሲ አጠገብ ባሉት ሲልቨር ስፕሪንግ ወይም አሌክሳንድሪያ ቤት ለመግዛት የሚዞር አበሻ ቤዝመንት (ምድር ቤት) ሲወርድ መጀመሪያ የሚያየው መታጠቢያ ቤትና ለብቻው የሚያስወጣ በር መኖሩን ነው። ሁለቱም ካሉ በልቡ ማከራየት ይጀምራል። ጥግ ላይ ወለሉ ውስጥ የተቀበረውን ክብ የፕላስቲክ ክዳን ከቁም ነገር የሚቆጥረው የለም። እኔም ቤቱን በገዛሁ በመጀመሪያው ዓመት ሻንጣ ደርድሬበት ነበር።

ክዳኑ ሲነሳ ጉድጓድ አለ፤ ወርዱ 45፣ ጥልቀቱ 60 ሴንቲ ሜትር ገደማ። እዚያ ውስጥ የቆመው ሞተር ነው ሳምፕ ፓምፕ የሚባለው። ከቤቱ ሥር የሚጠራቀመውን ውሃ ወደ ውጭ ይገፋል፤ ሌላ ሥራ የለውም።

ውሃው ከየት መጣ? ቤዝመንት ሲሠራ የሚቆፈረው ጉድጓድ ከቤቱ ይሰፋል። ግድግዳው ካለቀ በኋላ በዙሪያው የቀረው ክፍተት በዚያው በተቆፈረው አፈር ይሞላል። ይህ የተመለሰ አፈር ልል ስለሆነ ዝናቡን ይጠጣል፤ ከእሱ ወዲያ ያለው ያልተነካ ሸክላማ አፈር ግን ውሃ ቶሎ አያሳልፍም። ቤቱ ጎድጓዳ ሳህን ውስጥ እንደተቀመጠ ቁጠሩት። ሳህኑ ውስጥ ያለው ውሃ አንድ ሜትር ከፍ ካለ፣ ከታች በእያንዳንዱ ካሬ ሜትር ላይ አንድ ቶን ያህል ይገፋል። ኮንክሪት ደግሞ ድንጋይ ይምሰል እንጂ ቀዳዳ አያጣም፤ ግድግዳውና ወለሉ የሚገናኙበት መስመር ብቻውን ለውሃ ይበቃዋል።

ግድግዳውን ከውስጥ ውሃ መከላከያ ቀለም ቀብቶ መገላገል የማይሆነውም ለዚህ ነው። ቀለሙ ለቀላል እርጥበት ይረዳ ይሆናል፤ ውሃው ከጀርባው መግፋት ሲጀምር ግን አብጦ ይላጣል። ግድግዳ ላይ ነጭ ዱቄት የመሰለ ነገር ካያችሁ ጨው ነው፤ ውሃው ኮንክሪቱን አልፎ መጥቶ ሲተን ጥሎት የሄደው። ቤቱ ሊሸጥ ሲል በመጥረጊያ ተጠርጎ የሚጠፋውም እሱ ነው።

ፓምፕ ያለው ቤት ከውሃው ጋር ግብግብ አይገጥምም፤ መንገድ ይሰጠዋል። በመሠረቱ ዙሪያ ወይም ከወለሉ ጠርዝ ሥር ጠጠር ተነጥፎ፣ ቀዳዳ ቀዳዳ ያለው ቱቦ ተቀብሮ ወደ ጉድጓዱ ይመራል። ጉድጓዱ ሲሞላ ከፓምፑ ጋር የተያያዘው ተንሳፋፊ ወደ ላይ ይወጣል፣ ቀጭ ይላል፣ ሞተሩ ይነሳል። ሮቶ ውስጥ ያለውን ተንሳፋፊ ኳስ የሚያውቅ ሰው ገልብጦ ያስበው፤ የሮቶው ሲሞላ ይዘጋል፣ ይሄኛው ሲሞላ ያስነሳል። ወደ ላይ በሚወጣው ቱቦ ላይ ደግሞ ሞተሩ ሲቆም ውሃው ተመልሶ እንዳይወርድ የሚይዝ ቫልቭ አለ።

ቱቦው ውጭ የት እንደሚያፈስ ዞር ብላችሁ እዩ። እዚያው ግድግዳው ሥር ከሆነ ያው ውሃ ተመልሶ ጉድጓዱ ይገባል፤ ፓምፑም አንዱን ውሃ ሲያመላልስ ያድራል። ቢያንስ ሦስት ሜትር ይራቅ። ከመጸዳጃ ቤት ፍሳሽ ጋር ማገናኘት በብዙ ቦታ ክልክል ነው።

የዚህ ዕቃ ትልቁ ጉድለት በመብራት መሥራቱ ነው፤ መብራት የሚጠፋው ደግሞ ዝናብና ነፋስ በመጣ ሌሊት ነው። እ.ኤ.አ. በሴፕቴምበር 2003 ኢዛቤል የተባለው አውሎ ነፋስ ሲያልፍ በዋሽንግተን አካባቢ ለቀናት መብራት ያላገኘ ቤት ብዙ ነበር፤ በጁን 2012ም እንዲሁ ሆኗል። በኛ ቤት የጠፋው ለአንድ ሌሊት ብቻ ነው። ባለቤቴ የስልኳን መብራት እያበራችልኝ ከጉድጓዱ በባልዲ ስቀዳ አነጋሁ፤ ያም ሆኖ ምንጣፉ አልተረፈም። በማግስቱ በባትሪ የሚሠራ ሁለተኛ ፓምፕ አስገባሁ። መደበኛው ፓምፕም ቢሆን በየሦስት ወሩ አንድ ባልዲ ውሃ ቀስ እያላችሁ ጨምሩበትና ሞክሩት፤ መነሳት፣ ማውጣት፣ ከዚያ መቆም አለበት። ሳይቆም ከቀረ ተንሳፋፊውን የሆነ ነገር ይዞት ይሆናል።

ከፓምፑ በፊት ግን ጣሪያውን እዩ። 100 ካሬ ሜትር ጣሪያ ላይ 25 ሚሊ ሜትር ዝናብ ሲወርድ 2,500 ሊትር ነው፤ ባለ 2,000 ሊትር ሮቶ ሞልቶ ይተርፋል። አሸንዳው በቅጠል ተደፍኖ ከሆነ ይህ ሁሉ የሚወርደው ያ ልል አፈር ላይ ነው። አሸንዳ ማጽዳት፣ የመውረጃውን ቱቦ ጫፍ ማርዘምና አፈሩን በመጀመሪያው ሦስት ሜትር ውስጥ 15 ሴንቲ ሜትር ያህል ወደ ውጭ እንዲያዘነብል ማድረግ ከሁሉም ይረክሳል። እኔ በተገላቢጦሽ ነው የሄድኩት፤ ፓምፑን ገዝቼ ስጨርስ ነው መሰላል የተበደርኩት።

ኢንሹራንሱንም አንብቡት። መደበኛው የቤት ኢንሹራንስ ብዙውን ጊዜ ከፓምፕ ጉድጓድ የሞላን ውሃ አይሸፍንም፤ ተጨማሪ ተከፍሎበት ነው የሚገባው፤ የጎርፍ ደግሞ ራሱን የቻለ ውል አለው። ቤዝመንት ተከራይታችሁ የምትኖሩ ከሆነ የአከራያችሁ ኢንሹራንስ የእናንተን ዕቃ አይመለከትም። ክዳኑ ላይ ምንም አትጫኑበት፣ ከአገር ቤት የመጣውን ሻንጣ ከወለሉ ከፍ አድርጉት፣ አከራዩንም "ፓምፑ ባትሪ አለው?" ብላችሁ ጠይቁት።